«አውትዌይ» ለተሰኘው የእንግሊዝኛ ግስ ስለሚሰጡት የአማርኛ አቻዎች

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱ የመድኃኒት መግለጫዎች ውስጥ ተርጓሚን ከሚያስቸግሩት ግሶች አንዱ «አውትዌይ» ነው። መብለጥን ከሚያመለክተው «አውት» እና መመዘን ከሚለው «ዌይ» የተዋቀረ ሲሆን፣ ጥሬ ፍችው በክብደት መብለጥ ነው። ዛሬ በብዛት የሚነገረው ግን ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ ጥቅምና ጉዳት ነው።

«ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል» የሚለው የተለመደ ትርጉም ሰዋስዋዊ ጉድለት የለበትም። ሆኖም «በለጠ» ለቁጥርም፣ ለቁመትም፣ ለዕድሜም፣ ለማዕርግም ስለሚያገለግል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር የጥቅሞቹ ዝርዝር ከጉዳቶቹ ይረዝማል ብላ ብትረዳ አይፈረድባትም። የእንግሊዝኛው ግስ ግን አይቆጥርም፤ ይመዝናል። አንድ ብርቱ ጉዳት ከዐሥር ቀላል ጥቅሞች ሊከብድ ይችላል።

ለዚህ ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ሁነኛ ማስረጃ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ ቀረበ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። በልዩ ልዩ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት በዚሁ ሳቢያ የአካል ጉድለት ይዘው ተወለዱ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር ከገበያ ወጣ። ይኸው መድኃኒት በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በጥብቅ ቁጥጥር፣ የሥጋ ደዌ ለሚያስከትለው አንድ ብርቱ የቆዳ ሕመም ተፈቀደ። በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ አንዳንዶች የሚመርጡት «ይቀድማል»ም ቢሆን አይስማማም፤ ቅድሚያ ነገሩ ሳይመዘን አስቀድሞ የተወሰነ ደረጃ ነውና።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ከአንዱ «መዘነ» «አመዛዘነ» እና «አመዘነ» ይወጣሉ፤ ሐኪሙ ያመዛዝናል፣ ጥቅሙ ወይም ጉዳቱ ያመዝናል። «ሚዛን ይደፋል» የሚለውም ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ለመግለጫ ወረቀት ግን ንግግር ንግግር ይላል። እኛ የምንመርጠው «ያመዝናል»ን ነው።

ይሁን እንጂ «ጥቅሙ ጉዳቱን ያመዝናል» እየተባለ ሲጻፍ እናያለን። ይህ የእንግሊዝኛው ግስ ተሻጋሪ ስለሆነ ብቻ የአማርኛውን ያለ ጠባዩ ተሳቢ ማሸከም ነው። አማርኛው «ከጉዳቱ ይልቅ ጥቅሙ ያመዝናል» ይላል። አሉታውም ጥንቃቄ ይሻል፦ «ጥቅሙ አያመዝንም» ሲባል ሁለቱ እኩል ናቸው ማለትም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚያስከትለው ጉዳት የከበደ እንደ ሆነ «ጉዳቱ ያመዝናል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።