የዛር ፈውስና የአጨብጫቢዎቹ ቦታ

ስለ ጎንደር ዛር ከተጻፉት ጥናቶች ሁለቱ የተማሪ ሁሉ መነሻ ሆነው ኖረዋል፤ እነርሱም የፈረንሳዊው የሚሼል ሌሪስ መጽሐፍና ሳይመን መሲንግ በአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ያሳተመው ጽሑፍ ናቸው። ሁለቱም በ1958 ወጡ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለቱም ድካም ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ስለ ፈውሱ የሰጡት ፍች ያጎደለው ነገር እንዳለ ማመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል ይመራ ከነበረው ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር በ1932 ጎንደር ገብቶ፥ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት የወይዘሮ መልካም አየሁን ቤት ለወራት ተከታተለ። በመጨረሻም ባለ ዛሯ የምታሳየው ነገር ተራ ማስመሰልም ተራ ሕመምም አይደለም፤ ከመጫወት ይልቅ የሚኖሩት ቴአትር ነው አለ። ይህ አስተያየት ሕመምተኛዋን ከፌዘኞች አፍ ያድናታልና ዋጋው ትልቅ ነው። ነገር ግን ቴአትር የሚለው ቃል ቤቱን በተጫዋችና በተመልካች ይከፍለዋል። በዛር ቤት ግን ተመልካች ማን ነው? ከበሮ የምትመታው፥ ዜማውን የምትቀበለው፥ የምታጨበጭበው ሴት ብዙውን ጊዜ ራሷ የዛር ፈረስ ናት። ዛሬ ጓደኛዋ ስታጓራ ያጨበጨበችላት፥ ነገ ተራው የእርሷ ነው።

መሲንግ በበኩሉ ነገሩን የማኅበር ሕክምና ብሎ ሰየመው። ዛሩ ጨርሶ አይለቅም፤ በስጦታና በድርድር ይለዝባል፤ በኑሮዋ ዝቅ ያለችው ሴትም የዕድሜ ልክ ማኅበርተኛ ሆና ክብርና ተሰሚነት ታገኛለች። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ ከማኅበሩ ምን እንደምታተርፍ ይነግረናል እንጂ፥ እያንዳንዱ የራሱን ጭንቅ ይዞ የመጣ ሕዝብ በአንድ ሌሊት እንዴት አንድ አካል እንደሚሆን በበቂ አያስረዳም።

ይህን ለመረዳት ከዛር ቤት ውጭ ያለውን የአገሩን ልማድ ማየት ይረዳል። ደጃዝማች ውቤ ባሠራውና ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 በነገሠበት በደረስጌ ማርያም፥ እንደ ማንኛውም ደብር፥ በዓል ሲከበር ማኅሌት ይቆማል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው በቁም ዜማ ይጀምራሉ፤ በመቋሚያው ዝማሜ ይቀጥላል፤ ጸናጽልና ከበሮ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ወረብና ቸብቸቦ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን የዛርን ሥራ ታወግዛለችና የሁለቱን እምነት አንድ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን ከዝግታ ወደ ፍጥነት በደረጃ መውጣትን፥ ለባልንጀራ ድምፅ መልስ መስጠትን፥ ትንፋሽንና እጅን ከሌላው ጋር ማስማማትን ያገሬው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በበዓሉም በሠርጉም ይማረዋል። ወደ ዛር ቤት የምትመጣው ሴት ይህን ዕውቀት በሰውነቷ ይዛ ትመጣለች።

የውጭ አገር ምሳሌም አለ። ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ በ1959 በደቡብ ኢጣልያ፥ ሸረሪት ነደፈን ስለሚሉና በጭፈራ ስለሚፈወሱ ሰዎች ሲያጠና፥ የዜማ ሊቁን ዲየጎ ካርፒተላን ይዞ ሄደ። ቫዮሊንና ከበሮ የሚመቱት ሰዎች የሕክምናው ዋና ሠራተኞች መሆናቸውን ያሳየው መጽሐፉ በ1961 ታተመ። ዢልቤር ሩዤም ሌሪስ ራሱ መቅድም በጻፈለት በ1980ው መጽሐፉ፥ ዜማ በራሱ ኃይል ብቻ ሰውን ከራሱ እንደማያወጣ ተከራከረ። እንግዲያስ ኃይሉ በከበሮው ቆዳ ውስጥ የለም፤ ከበሮው በሚሰበስባቸው ሰዎች መካከል ነው።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ፈውሱ ከባለ ዛሯ ብቻ የሚመነጭ ከሆነ፥ ጎረቤቶቿ ቢበተኑም ምንም አይጎድልባትም፤ ከማኅበሩ የሚመነጭ ከሆነ ግን፥ ብቻዋን የቀረችው ሴት መድኃኒቷን አጥታለች። ስለዚህ በደባርቅና በዳባት፥ በደረስጌም የሚያጠና ተማሪ ዓይኑን በምታጓራው ሴት ላይ ብቻ አይትከል፤ ከአጨብጫቢዎቹ መካከል ተቀምጦ፥ ማን እንደ ጀመረ፥ ማን እንደ ተቀበለ፥ ዜማው መቼ እንደ ተለወጠ ይመዝግብ።