የወርኃዊ ማዘዣ ልማድና የደም ግፊት ታካሚ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው አሠራር፣ ሁኔታቸው የተረጋጋ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ፈቅዷል። የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር የዋለ ታካሚ ግን በብዙ የጤና ተቋማት ዛሬም ያንኑ ማዘዣ ለማሳደስ በየወሩ ይሰለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ እንዲህ ላለው ታካሚ በየ3 እስከ 6 ወሩ ክትትል እንዲደረግ ይጠቁማል።

ግፊቱ ሳይለካ ማዘዣው ብቻ ሲገለበጥ ወርኃዊው ምልልስ ትርጉሙን ያጣል። ከሩቅ የሚመጣው ታካሚ የመጓጓዣ ገንዘብ ሲያጥረው ቀጠሮውን ያሳልፋል፤ ሕመሙ ስለማይሰማውም መድኃኒቱን ይተዋል። መዘዙ ዘግይቶ በስትሮክና በኩላሊት መድከም ይገለጣል።

ይህ ሲባል ማዘዣ ያለ ምርመራ ይታደስ ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ ኢናላፕሪል የሚወስድ ታካሚ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ያሻዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ እንደሚታደስና የሚቀጥለውን የምርመራ ቀን በማዘዣው ላይ ቢያሰፍር፣ የመድኃኒት ባለሙያውም በየእደላው ግፊቱን ለክቶ ከፍ ያለበትን ታካሚ ወደ ሐኪሙ ቢመልስ፣ ሰልፉም ስሕተቱም ይቀንሳል። የአቅርቦት እጥረት እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ የማዘዣውን ሥርዓት ላለማስተካከል ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም።