«ጉዳይ» የዋጣቸው ቃላት

ሰሞኑን ሥራ ሊለምድ ቢሯችን የገባ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ‹ኢሹ› ለሚለው እንግሊዝኛ ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?» አለኝ። ስልኩ አቻ ቃላቱን ከላይ እስከ ታች ደርድሮለታል፤ አንዱን ምረጥልኝ ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ከተደረደረ ቃል መምረጥ ትርጉም አይደለም ባይ ነኝ። ፒያሳ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ክርክሬን እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል፤ አሁንም አልተውኩትም።

የምንተረጉመው የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አልፎ አልፎም የድርጅት ሪፖርት ነው። በነዚህ ወረቀቶች ላይ «ኢሹ» የማይገባበት ቦታ የለም። ፓስፖርት ላይ ከቀን ጋር ሲቀመጥ «የተሰጠበት» ነው። ከአክሲዮን ጋር ሲመጣ ማውጣት፣ ከቼክ ጋር መቁረጥ፣ ከመጽሔት ጋር ዕትም ይሆናል። ፍርድ ቤት ሲገባ ደግሞ ጭብጥ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዳኛው ከክርክሩ ጭብጥ ይመሠርታል እንጂ ጉዳይ አይመሠርትም። ጉዳዩማ ቀድሞ መዝገብ ተከፍቶለታል።

ንብረት ክፍልን ተመልከቱ። ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ወረቀት በእንግሊዝኛው «ኢሹ» ይባላል፤ በአማርኛ ግን ግምጃ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ወጪ» ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኦዲት ሪፖርት ሳርም «የዕቃ ጉዳይ ቅጽ» የሚል አገኘሁ። በጣም አዘንኩ። ተርጓሚው ስልኩን ትቶ አንድ የንብረት ሠራተኛ ቢጠይቅ መልሱን በአንድ አፍታ ያገኝ ነበር።

«ጉዳይ» ክፉ ቃል ሆኖ አይደለም። ግን የሰነፍ መሸሸጊያ ሆኗል። የጤና እክል «የጤና ጉዳይ» ሲባል፣ አከራካሪ ነጥብ «ጉዳይ» ሲባል፣ የቤተሰብ ጠብ «የቤተሰብ ጉዳይ» ሲባል፣ እያንዳንዳቸው ስም የነበራቸው ነገሮች ስማቸውን እያጡ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ታትመዋል። አንዱ አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት ነው፤ ፍቺውን ባጭሩ ይሰጣል፣ ለተማሪም ይመቻል። ሁለተኛው የቮልፍ ሌስላው ነው። ሌስላው ቃሉን ለብቻው አይተወውም፤ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛው ያሳያል። ከ1500 ገጽ በላይ የሆነውም ለዚህ ነው። አምሳሉን አከብራለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ የሚውለው ግን ሌስላው ነው። ከጎኑ ምን እንደተቀመጠ ሳያዩ የቃል ፍቺ መፈለግ፣ የሰውየውን አገር ሳይጠይቁ ቤቱን እንደ መፈለግ ነው።

ለዚህ ምሳሌው ቅርብ ነው፤ የቀድሞው የማዕከላዊ እስር ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም። ገጣሚው ነቢይ መኮንን እዚያ ታስሮ ሳለ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሟል። ርዕሱን ቃል በቃል ቢመልሰው ነፋስ ስለወሰደው ነገር የሚናገር አማርኛ ይወጣው ነበር። እሱ ግን ወደ መጽሐፉ መዝጊያ ሄዶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለው። መጽሐፉን ሙሉ ያላነበበ ሰው ይህን ርዕስ ሊያገኘው አይችልም።

«ኢሹ»ም ቢሆን ውስጡን ላየው የተበታተነ ቃል አይደለም። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛውም ከላቲን ሲቀባበሉት መነሻው «መውጣት» ነበር። ሰነድ ከመሥሪያ ቤት፣ ዕቃ ከግምጃ ቤት፣ መጽሔት ከማተሚያ ቤት ይወጣል። አማርኛችንም አዋጅ ወጣ፣ ጋዜጣ ወጣ ሲል ኖሯል። ልጅም ከአብራክ ይወጣል።

ወደዚህ መምጣቴ አይቀርም ነበር። አንዲት እናት አሜሪካ የሞተ ወንድማቸውን የውርስ ወረቀት ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ ተተርጉሞ ነበር፤ ፍርድ ቤት የመዝገብ ሠራተኛው አልገባኝም ብሎ መልሶባቸዋል። አማርኛው «ያለ ምንም ጉዳይ ሞተዋል» ይላል። እንግሊዝኛው «ያለ ኢሹ» ሲል ሟቹ ከአብራኩ የተገኘ ወራሽ እንዳልነበረው ነው የሚናገረው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «ልጅ ሳይወልዱ» ብለን እናልፋለን። እኔ ብዕር ከማንሳቴ በፊት፣ «እናቴ፣ ወንድምዎ ልጅ ነበራቸው?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንድ ወልዶ ነበር፣ ልጄ፤ በሰባት ዓመቱ ሞተበት» አሉኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው ነው። ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ለውርስ ክፍሉ «ተወላጅ» የሚል ቃል አኑረውልናል፤ ልጅንም የልጅ ልጅንም ይይዛል። «ተወላጅ ሳይተዉ አርፈዋል» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ሳይተዉ» የሚለውን ደግመው፣ «አዎ፣ እንዲያ ነው» አሉ።

ይህን ለአንድ የሙያ ጓደኛዬ ነግሬው ተከራክረናል። «ልጅ ሳይወልዱ ብትለውስ ዳኛው ይገባው የለ? ውርሱ አይለወጥ!» አለኝ። ስለ ውርሱ እውነቱን ነው። እኔ ግን ሰባት ዓመት የኖረን ልጅ ጭራሽ እንዳልተወለደ ጽፌ ማኅተም የማደርግበት ምክንያት አይታየኝም።