ረቂቁን የመስፈር ጥበብ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሀብሩ ወረዳዋ ውርጌሳ፣ ገበሬው ጤፉን በአውድማ ላይ በበሬ አበራይቶ፣ ገለባውን ከፍሬው ለይቶ በቁና ሲሰፍር፣ ቁናው ከቶ የማይደርስበትን በዘሩ ውስጥ የተሰወረውን ብረት፣ ዚንክና ሴሌኒየም የሚሰፍር ሌላ ጥበብ መኖሩ እጅግ የሚደነቅ ነው።

የዚህ ጥበብ ሊቅ ዘሩን አድርቆና ፈጭቶ በናይትሪክ አሲድ ካሟሟው በኋላ፣ ፈሳሹን እንደ ጉም አርቅቆ ከ6,000 ዲግሪ በላይ ወደሚግለው የአርጎን ጋዝ ነበልባል ይሰደዋል፤ በዚያም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደየክብደቱ ተለይቶ፣ ከቢሊዮን አንድ እጅ ቢሆን እንኳ ይቆጠራል።

የዚህ ጥበብ ክብሩ ግን በረቂቅነቱ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛነቱም ነው፤ ስለ ብረቱ ብዛት የሚመሰገነው ጤፍ ከብረቱ ከፊሉን ያገኘው ከአውድማው አፈር መሆኑን የሚመሰክረው፣ ተክል ከመሬት እምብዛም የማይወስደው ቲታኒየም በዘሩ ላይ በዝቶ ሲገኝ ነውና።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ የተሰበሰበውን እህልና አፈር በዚሁ ጥበብ መርምረው፣ የእህሉ ሴሌኒየም እንደየስፍራው እጅግ እንደሚለያይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ገልጠዋል። ስለዚህ ጠግቦ መብላትና በሚገባ መመገብ አንድ አለመሆናቸውን ያስረዳን ይህ ጥበብ፣ ከእርሻና ከጤና ምክር ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባዋል።