የቆመችውና የሚሮጠው ባቡር

በአማርኛ «ባቡር» የሚለው ቃል የተወረሰው፥ እንፋሎት ማለት ከሆነው የአውሮጳ ቃል ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዝያን ያስመጣው የመንገድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» መባሉ፥ በሐዲድ ስለ ሄደ ሳይሆን በእንፋሎት ስለ ሄደ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ እሳቱ ጠፋ፥ ስሙ ቀረ። ለመታሰቢያ ስለ ተጠበቁት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችም የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የሚጠበቀው ብረቱ ነውን? ወይስ ሥራው?

ለዚህ ፍርድ ሁለት የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮችን ማስተያየት ይጠቅማል። የሁለቱም አቃጅ ናይጅል ግሬስሊ ነው፤ ሁለቱም በዶንካስተር ተሠሩ። ማላርድ የምትባለው፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጁላይ 3 ቀን 1938 ሰባት ሠረገላ እየሳበች ቁልቁለት ስትወርድ በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጠች። ከዚህ የሚበልጥ የእንፋሎት ባቡር ፍጥነት እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። ነገር ግን የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ስለ ጋለ፥ ጉዞዋን ሳትፈጽም ፒተርቦሮ ላይ ተፈትታ በሌላ ተተካች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ጊዜ እንደ ገና ከሮጠች በኋላም እሳቷ ጠፍቶ በዮርክ ቤተ መዘክር ቆመች። ሰማያዊ ቀለሟ እንደ መስተዋት ያበራል። ይህ ውበት መልካም ነው፥ ነገር ግን ጥቂት ይዋሻል፤ ጥቀርሻው የለም፥ በዚያች ቀን ከሰሉን በአካፋ እየዛቀ ያነደደው የቶማስ ብሬይም ላብ የለም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር በገና ቅርጹ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም።

ሁለተኛው፥ በ1923 የተሠራው ፍላይንግ ስኮትስማን፥ ታሪኩ ስደት የበዛበት ነው። በ1963 ከአገልግሎት ሲወጣ አለን ፔግለር በ3,000 ፓውንድ ገዛው። በ1969 ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ በዚያም ባለቤቱ በዕዳ ስለ ከሰረ ሎኮሞቲቩ በባዕድ አገር ተይዞ ቀረ፤ የተመለሰውም ሌላ ገዢ ዋጅቶት በ1973 ነው። በ2004 የሕዝብ ገንዘብ ተዋጥቶ ለአገር ተገዛ። ከዚያም በ2006 የጀመረው እድሳት 10 ዓመት ቆይቶ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላ።

የውኃ ማፍያው ጋን ስንት ጊዜ ተለውጦ፥ ቍጥሩም ቀለሙም ተለውጦ፥ ያው ነው ሊባል አይችልም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በጕልምስናው ዘመንም ለእድሳት በገባ ቍጥር የአንዱ ጋን ለሌላው ይተላለፍ ነበር፤ መለዋወጥ የኑሮው ሥርዓት ነው። ነቀፋ የሚገባው ዝናው ነው። በ2016 ሲመለስ ሊያየው የወጣ ሕዝብ ሐዲድ ላይ እየገባ ሌሎቹን ባቡሮች እስኪያዘገይ ድረስ ደረሰ! አንዱ ዝነኛ ይህን ያህል ሲበላ፥ ስመ ጥር ያልሆኑት ዝገት በላቸው።

ስለዚህ ከሁለቱም ይልቅ በዌልስ ያለችው ትንሿ የታሊሊን መስመር ትመረጣለች። በ1865 ለጥቍር ድንጋይ ማመላለሻ ተከፈተች፤ ልትዘጋም ስትል በ1951 ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ተረከቧት። በዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሎኮሞቲቮች ዛሬም ይሠራሉ፤ ወጣቱም ከሽማግሌው አጠገብ ቆሞ እሳት ማንደድን፥ የውኃን ልክ መጠበቅን፥ የብረትን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን መለየትን ይማራል። ይህ ትምህርት በመስተዋት ሣጥን አይቀመጥም።

ነገሩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የድሬዳዋ ከተማ ራሷ የተወለደችው ከዚህ ሐዲድ ነው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። አሮጌውን ለመጠበቅ የሚያስቡ ሰዎች አንድ ሎኮሞቲቭ ቀብቶ አደባባይ ላይ ማቆም ይቀልላቸው ይሆናል። በድሬዳዋ የመጠገኛ ቤት ቶርኖ ሲያዞር ለኖረ አዛውንት ሁለት ደቀ መዛሙርት መስጠት ግን ዋጋው ከቀለሙ ዋጋ ብዙ አይበልጥም።