ምሰሶ፥ አውታርና ካስማ፦ ስለ ኸርብራንዲ ማማ

ከምንኖርባት ከካፔለ አን ደን አይሰል ተነሥቶ በወንዙ ሽቅብ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው፥ ኻውዳንና ኦውደዋተርን አልፎ ወደ አይሰልስታይን ሲቃረብ ከዝርግ ሜዳው ላይ ዐይኑን ነቅሎ የሚወስድ አንድ ነገር ያያል። ይኸውም የኸርብራንዲ ማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቆም 382 ሜትር ያህል ነበር፤ በ2007 የጫፉ የቴሌቪዥን አንቴና ወርዶ በአጭር ሲተካ ወደ 367 ሜትር ዝቅ አለ። እንዲያም ሆኖ በኔዘርላንድስ ምድር የሚስተካከለው ግንባታ የለም።

ማማ ብንለውም ቃሉ የሚስማማው ለታችኛው ክፍል ብቻ ነው። የታችኛው 100 ሜትር ያህል በራሱ የቆመ የኮንክሪት ግንብ ሲሆን፥ ከዚያ በላይ ያለው በሽቦ ገመድ የተወጠረ የብረት ምሰሶ ነው። ለዚህ አሠራር ስም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ምሰሶው የራሱን ክብደትና አውታሮቹ ቁልቁል የሚስቡትን ተሸክሞ ይጨመቃል፤ አውታሮቹ ይሳባሉ፤ ካስማው በምድር ውስጥ ሆኖ ሊነቅለው የሚታገለውን ኃይል ይይዛል። ነፋስ ሲገፋ በነፋሱ በኩል ያለው አውታር ይበልጥ ይከራል፥ የወዲያኛው ይላላል፤ ስለዚህም ሁሉም ነፋሱ ሳይመጣ አስቀድመው ተወጥረው ይጠብቁታል። በ1889 የተመረቀው የፓሪሱ የኢፍል ማማ ነፋስን የሚመክተው እግሮቹን አንፈራጥጦ ነው። በ1922 የተፈጸመው የሞስኮው የሹኾቭ ማማ ደግሞ ቀጥ ያሉ ብረቶችን አጋድሞ በማጠላለፍ ነው፤ 350 ሜትር ሊሆን ታስቦ በብረት እጦት ወደ 150 ሜትር የወረደ መሆኑን ስናስብ ውበቱ ይበልጥ ያስደንቀናል። የኸርብራንዲ ምሰሶ ግን ጉልበቱን ያኖረው ከራሱ ውጭ፥ ከሩቅ በማይታዩ ገመዶች ላይ ነው።

ትችታችን ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ያርፋል። ኮንክሪቱ ስለ ብረቱ፥ ብረቱም ስለ ኮንክሪቱ አንዳች የሚያውቁ አይመስልም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል፥ በቃ። ይህ ጉድለት የዐይን ብቻ እንዳይመስል፥ ሐምሌ ወር 2011 የሆነውን እናስታውስ። በአንድ ቀን፥ በ15ኛው፥ በዚህ ማማና በተመሳሳይ አሠራር በቆመው በሰሜኑ በሆኸርስሚልደ ማማ እሳት ተነሣ። ይህኛው ተረፈ፤ በዚያኛው ግን ግንቡ ቀርቶ የብረቱ ምሰሶ ተቀንጥሶ ወደቀ። ብረት 550 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የጥንካሬውን ግማሽ ያህል እንደሚያጣ መሐንዲሶች ሁሉ ያውቃሉ።

ስሙ ግን ከቅርጹ ይበልጥ ያነጋግረናል። ፒተር ኸርብራንዲ አገሩ በናዚዎች በተያዘች ጊዜ ከ1940 እስከ 1945 ለንደን ላይ የስደተኛው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ። ከሐምሌ 1940 ጀምሮ ራዲዮ ኦራንየ በቢቢሲ በኩል በየምሽቱ ለሩብ ሰዓት ይናገር ነበር፤ ኸርብራንዲም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነበረ። ገዢዎቹ በ1943 የሕዝቡን ራዲዮ እስከ መውረስ የደረሱት ያን ድምፅ ፈርተው ነው። ከውጭ ሲናገር የነበረ ስደተኛ፥ ከውስጥ በሚያሰራጭ ምሰሶ ስሙ ተተከለለት።

በእኛ ዘንድስ? በኢጣሊያው ኩባንያ በአንሳልዶ የተሠራው የአቃቂ ጣቢያ በ1935 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ ለዓለም የተናገሩበት ነው። በ1963 የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል በ1977 ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ፤ ብረቱ ያው፥ ድምፁ ሌላ። ስለ ተናጋሪዎቹ ብዙ ጽፈናል፤ ስለ ምሰሶዎቹ፥ ማን እንደ ነደፋቸው፥ ማን እንደ ተከላቸው፥ ምን እንደ ደረሰባቸው ግን ይህ ነው የሚባል ጥናት ከእጃችን አልወጣም። ማኅበራችን ይህን ቢጀምር ወደ ኋላ የሚያስቀር ምክንያት አይታየንም።

ከ1992 ወዲህ በብዙ ታኅሣሦች የማማው አውታሮች መብራት እየተሰቀለባቸው ትልቁ የገና ዛፍ ይባላል። ልጆቻችንም የሚያውቁት በዚሁ ስም ነው፤ ኸርብራንዲ ማን እንደ ነበረ ሲጠይቁን፥ ከለንደን እንጀምርላቸዋለን።