ስም የሌለው ንጉሥ፤ ስለ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተሰጠ አስተያየት

በአገራችን የመጻሕፍት ልማድ ንጉሥ ያለ ስም አይጻፍም። ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የንጉሡን ስምና ስመ መንግሥት ያነሣል፤ ቀጥሎም የነገሠበትን ዓመትና የዘመተበትን አገር ይቈጥራል፤ በመጨረሻም ዕረፍቱን ተናግሮ ይፈጽማል። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን በ1900 ዓ. ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በተባለው መጽሐፋቸው ስምም አገርም ዘመንም የሌለው አንድ አረመኔ ንጉሥ አነገሡ። ይህም ልማዱን ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ በተከታዩ ዓመት «ዳግማዊ ምኒልክ»ን ሲያሳትሙ ስሙ የታወቀ የንጉሠ ነገሥት ታሪክ ጽፈዋልና። መጽሐፉ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ይበልጥ ታወቀ፤ የፊተኛው ርእሱም ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በኮልፌ ቀራንዮ ይህን መጽሐፍ የሚያነቡ ወጣቶች «ይህ ንጉሥ ማን ነው? ግዛቱስ ወዴት ነበረ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይህ ንጉሥ በሥራው እንጂ በግዛቱ የሚታወቅ ስላልሆነ፣ አስቀድመን ታሪኩን በአጭሩ እናንሣ።

አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በአረመኔዎች ድል ሆኖ ተማረከ፤ አንድ ደግ ነጋዴም ከባርነት ነጻ አወጣው። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመክፈል ሲል ከቤቱ ወጣ፤ እርሱም በተራው በባሪያ ነጋዶች እጅ ወደቀ። አባቱና መንታ እኅቱ ጦቢያ ሊፈልጉት ወጡ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር። እነርሱም በአረመኔው ንጉሥ እጅ ገቡ። ንጉሡ በደግነት ያዛቸው። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ሴት ጦቢያን ወንድ መስላት ወደደቻት፤ ሴትነቷ በተገለጠ ጊዜ ደግሞ ንጉሡ ራሱ በፍቅሯ ተያዘ። እርሷ ክርስቲያን ናትና ንጉሡ ከነሕዝቡ አምኖ ጦቢያን አገባ፤ ዋሕድም ተገኝቶ የንጉሡን ዘመድ አገባ።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል የሚያውቅ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ የዳሞቱን ገዥ ሞተለሚን ሳያስብ አይቀርም። ሞተለሚ ሸዋን በወረረ ጊዜ ካህኑ ጸጋ ዘአብ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከሞት አመለጠ፤ ሚስቱ እግዚእ ኀረያ ግን ተማርካ ተወሰደች። ሞተለሚም ሊያገባት ሲዘጋጅ ቅዱስ ሚካኤል ነጥቆ ወደ ባሏ መለሳት። ኋላም ከእርሷ የተወለደው ጻድቅ ወደ ዳሞት ወርዶ ያንኑ ሞተለሚን አስተምሮ አጠመቀው። እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ አረመኔ ንጉሥ፣ የተማረከች ክርስቲያን ሴት፣ በመጨረሻም ጥምቀት አለ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በገድሉ የንጉሡን እጅ የሚይዘው መልአክ ሲሆን በአፈ ወርቅ መጽሐፍ የሚይዘው የገዛ ልቡ ነው። ጦቢያ በእጁ ሳለች፣ ከልካይም ሳይኖረው፣ በግድ አልወሰዳትም። ገድል የእግዚአብሔርን ተአምራት ይናገራል፤ ልብ ወለድ ግን የሰውን ልብ ይመረምራል፤ ሁለቱም በየስፍራቸው ይገባሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ንጉሡ ሳይጠመቅ ደግ ሆኖ መሣሉ ነው። እጁ ያልሠለጠነ ጸሓፊ ቢሆን ኖሮ እስከ ጥምቀቱ ዕለት ጨካኝ አድርጎት፣ በአንድ ሌሊት ባሕርዩን በለወጠው ነበር። የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ጸሎቱና ምጽዋቱ የታሰበለት ጴጥሮስ ወደ ቤቱ ሳይገባ ነው። ስለዚህ አፈ ወርቅ ከትምህርታችን አልወጡም።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ይህ ንጉሥ ዘውድ አለው እንጂ ዘመነ መንግሥት የለውም ማለት ይቻላል። የሚበልጠው ጉድለት ደግሞ ፈተና ማጣቱ ነው። ማመን ባይሆንለት ኖሮ ጦቢያን በሰላም ያሰናብታት ነበርን? ደራሲው ይህን ጥያቄ ለንጉሡ አላቀረቡለትም። የሕዝቡም መመለስ በንጉሡ መመለስ ተጠቅልሎ ያልፋል። የኢትዮጵያው ጃንደረባ ግን ከፊልጶስ ሳይማር ወደ ውኃው አልወረደም።

አሁን ነገሩን እንደ ቅኔ እንመልከተው። ሕዝባችን ኢትዮጵያን ሲያሳጥር ጦቢያ ይላል፤ ወንድሟም ዋሕድ፣ ማለት አንድ፣ ተብሏል። ሰሙ ሙሽራይቱ ከሆነች ወርቁ አገሪቱ ናት። እንዲህ ከሆነ ስም የሌለው ንጉሥ በኃይል የሚመጣ ባዕድ ሁሉ ነው፤ ጦቢያን የሚያገኛት ግን ሃይማኖቷን ሲያከብር ብቻ ነው። መጽሐፉ ከዐድዋ ድል በኋላ በ12 ዓመት፣ ያውም በኢጣልያ ዋና ከተማ መታተሙን ስናስብ ወርቁ ይበልጥ ያበራል።

ደግሞም ያሳዝናል። በ1928 ዓ. ም. ስሙ የታወቀ ባዕድ በእውነት መጣ፤ እርሱ ግን ጦቢያን አልጠየቀም፣ አልታገሠምም። ነጋድራስ አፈ ወርቅም ለዚያ ባዕድ አገልጋይ ሆኑ፤ አገር ነጻ ከወጣች በኋላም በግዞት ሳሉ ጅማ ላይ ዐረፉ። ልብ የወለደው ንጉሥ በጦቢያ ፊት ዝቅ ሲል፣ የወለደው ደራሲ ግን በወራሪዋ ፊት ዝቅ አለ። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን የሚጥሉ አሉ፤ እኔ ግን አይጣል እላለሁ። ደራሲው የሳተበትን መንገድ የሚያሳየን ከማንም ይልቅ የራሱ መጽሐፍ ነውና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፉን ደግመህ ስታነብ የንጉሡን ስም አትፈልግ፤ በእጁ የገባውን ሰው እንዴት እንደያዘ ተመልከት። ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣህም ወጣት፣ ንጉሥህን ከማንገሥህ በፊት የሚፈተንበትን ነገር አዘጋጅለት።